ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ ጠመኔ

«ዓይኖቹ ትንሽ ቢጫነት አላቸው።»

ይህቺን አጭር ነገር በጀርመንኛ የጻፈው ሰው ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ሠዓሊ ነው። የጻፋትም እዚያው እየሣለው ባለው ሰውዬ ፊት አጠገብ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። ሠዓሊው ትንሹ ሃንስ ሆልባይን ይባላል። ተሣዩ ደግሞ ሪቻርድ ሳውዝዌል፣ የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ነው። ሆልባይን ፊቱን በጠመኔ ነድፎ ወደ ሥራ ቤቱ ሊመለስ ነው። በኋላ በዘይት ቀለም ሲቀባው የዓይኑ ቀለም እንዳይጠፋበት ነው የጻፋት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሥመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ሳውዝዌል በ1536 የ33 ዓመት ጎልማሳ ነው። ፊቱ ሰፊ፣ የዓይኑ ቆብ ከበድ ያለ። አንገቱ ላይ ጠባሳ አለ፤ ሆልባይን አልዘለለውም። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ «ይኼን ሰው የት ነው የማውቀው?» ነበር ያልኩት። የሆነ ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ነገ ተመለሱ» የሚል ሰው ነው የሚመስለው። ወደ 500 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ አብሮኝ የነበረ ቢባል አምናለሁ።

እንዲህ ዓይነት ሰዎች ብዙ ናቸው። ለንደን አቅራቢያ በሚገኘው በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሆልባይን የፊት ንድፎች ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ያህል ወረቀት። ጳጳሳት፣ ባለቅኔዎች፣ የጦር ሰዎች፣ የንግሥቲቱ ደንገጡሮች፣ ሕፃን ልዑል፣ ነፍሰ ጡር ሴት። ብርሃን ስለሚጎዳቸው ለሕዝብ የሚታዩት አልፎ አልፎ ነው። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ለንደን ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ባለው ጋለሪ ብዙዎቹ አንድ ላይ ቀርበው ነበር። እንደ እኔ ለንደን ያልደረሰ ሰው በኢንተርኔት ሊያያቸው ይችላል፤ የንጉሣዊው ስብስብ ድረ ገጽ አጉልቶ ያሳያል። አንዱን ካያችሁ ሰማንያውን ሳትጨርሱ አትነሡም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

በሬኔሳንስ ዘመን የፊት ንድፍ የሚያሠራው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ክሉዌና ልጁ ፍራንሷ በቀይና በጥቁር ጠመኔ የቤተ መንግሥቱን ሰው ሁሉ ነድፈዋል። ንግሥቲቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ እነዚህን ንድፎች ታጠራቅም ነበር፤ ከእሷ ስብስብ ብዙው ዛሬ ሻንቲዪ በሚባለው ግንብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሆልባይንም ባለቀለም ጠመኔን የለመደው በ1524 ገደማ ፈረንሳይ ደርሶ በመጣ ጊዜ ነው ተብሎ ይታመናል። የፈረንሳዮቹ ያምራሉ፣ ለስላሳ ናቸው። የሆልባይን ግን ይተነፍሳሉ። ምርጫው የእኔ ነው፤ የማይስማማ ይኖራል።

ሆልባይን ማነው? በ1497 ወይም በ1498 በአውግስቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱም ሃንስ ሆልባይን ይባላል፤ እሱም ሠዓሊ ነው። አባትየው በ1511 ሁለት ወንዶች ልጆቹን ጫፉ ብር በሆነ መንደፊያ ሥሏቸዋል፤ ከትንሹ ሃንስ በላይ ዕድሜው 14 ተብሎ ተጽፏል። ንድፉ በርሊን ነው ያለው። እንግዲህ ልጁ ሰው ፊት ተቀምጦ መሣል ምን እንደሆነ፣ አንገት ሲደክም፣ አፍንጫ ሲያሳክክ፣ አውቆታል ማለት ነው። ኋላ ወደ ስዊዘርላንዷ ባዝል ሄዶ ኖረ፤ እዚያ ታላቁን ሊቅ ኢራስመስን ሣለ። ነገር ግን የሃይማኖት ተሐድሶው እየጋለ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያዝዝ ጠፋ። ሠዓሊ ደግሞ ካልታዘዘ አይበላም። በ1526 የኢራስመስን የአደራ ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ደብዳቤው ያደረሰው ቶማስ ሞር ቤት ነው።

ሞርን የማታውቁት ካላችሁ፦ የሕግ ሰው፣ ደራሲ፣ የ«ዩቶፒያ» ጸሐፊ፣ ኋላ ላይ የንጉሡ ሎርድ ቻንስለር የሆነ። ሆልባይንን ተቀበለና መላ ቤተሰቡን በአንድ ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ አዘዘው። ትልቁ ሥዕል በ1752 በእሳት ወድሟል። ለዝግጅት ከተነደፉት ፊቶች ግን ሰባቱ ዊንዘር አሉ። የ76 ዓመቱ ሽማግሌ አባት ዳኛው ጆን ሞር አለ። ለወንድ ልጁ የታጨችው አን ክሬሳከር አለች። ልጁ ሲሲሊ አለች፤ የቀሚሷ ማሰሪያ ላላ ብሎ ስለታሰረ ነፍሰ ጡር ነበረች ይላሉ አጥኚዎች። መላው ቤተሰብ በብዕር የተነደፈበትን አንድ ወረቀት ሆልባይን በ1528 ወደ ባዝል ይዞት ተመለሰ። ኢራስመስ ባየው ጊዜ ለሞር ልጅ ለማርጋሬት ደብዳቤ ጽፎ ሁላችሁንም ፊት ለፊቴ ቆማችሁ ያየሁ ያህል ሆነልኝ ብሏታል። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሞርን በዓይነ ሥጋ አላየውም።

እስቲ አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም ምስጢሩ ያለው እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ ሆልባይን የተጠቀመው ምንም ያልተቀባ ወረቀት ነበር። መጠኑም ተለቅ ይላል፤ የሞር ንድፍ 40 በ30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በጥቁርና በባለቀለም ጠመኔ ፊቱን ቀስ ብሎ ያጥለዋል። በ1532 ተመልሶ ለንደን ሲገባ ግን ሥራው በዝቷል፣ ጊዜው አጥሯል፤ ዘዴ ፈጠረ። ወረቀቱን አስቀድሞ ስስ ሮዝ ቀለም ይቀባዋል። አያችሁት? ሰውዬው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቆዳው ተሠርቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ግንባሩንና ጉንጩን መንካት አያስፈልግም፤ ባዶ ይተወዋል። ባዶው ሮዝ ወረቀት ራሱ ሥጋ ይሆናል። እጁ የሚሠራው ነፍስ ያለባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፤ የላይኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙባት መሥመር። እነዚህን አንዳንዴ በጠመኔ ላይ በብዕር ወይም በብሩሽ ይደግማቸዋል። ከአንገት በታች ሲወርድ ሁለት ሦስት መሥመር ይጥልና ያልፋል።

ልብሱን ለምን ዘለለው? ልብሱ ሰው ስላልሆነ። ልብሱ በኋላ ሊመጣ፣ ሌላ ሰው ሊለብሰው፣ ሥራ ቤት ሊሰቀልለት ይችላል፤ ፊቱ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለልብሱ ማስታወሻ ብቻ ይጽፋል። በዊልያም ፓር ንድፍ ላይ ነጩ ከፋይ የቱ እንደሆነ፣ ሐምራዊው ከፋይ የቱ እንደሆነ፣ ሳቲኑና ወርቁ የት እንዳለ በጀርመንኛ ተጽፏል፤ ዳር ላይ የጌጡ ቅርጽ ለብቻው ተነድፏል። እኔ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። ይህን ወረቀት ሳይ የታየኝ ሥዕል ሳይሆን የሪፖርተር ማስታወሻ ደብተር ነው። ቃለ መጠይቅ እያደረገ «ስሙን ከሌላ አጣራ»፣ «ቁጥሩን ጠይቅ» እያለ ዳር ላይ የሚሞነጫጭር ሰው። የሚቸኩል ሰው። ለዘለዓለም እየሠራሁ ነው ብሎ ያላሰበ ሰው።

የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ ይኼ ነው፤ ንድፎቹ ለእኛ ተብለው አልተሠሩም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ወርቁና ከፋዩ የሞላበት፣ ማዕረጉ የተጻፈበት ቅብ ሥዕል ነው። ንድፉ ሥራው አልቆ የሚቀመጥ መሣሪያ ነበር። ከሞር ሁለት ንድፎች አንዱ በመርፌ የተበሳሳ ነው፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ዱቄት እየተነሰነሰ መልኩ ወደ እንጨቱ ሰሌዳ ተላልፏል። በሌሎቹም ላይ ጠመኔ የተቀባ ወረቀት ከሥር አስገብቶ መሥመሩን እየተከተለ ወደ ሰሌዳው ይገለብጥ ነበር። በ1527 የተቀባው የሞር ሥዕል ኒው ዮርክ ፍሪክ ሙዚየም አለ፤ ያልተላጨው የአገጩ ጺም ሳይቀር ይታያል። ድንቅ ነው። ቢሆንም ሞር እዚያ ባለሥልጣን ነው፤ የወርቅ ሐብሉ ቀድሞ ያናግራችኋል። ንድፉ ላይ ግን አንድ ያልተኛ ሰው ነው።

እዚህ ላይ «በመሣሪያ ነው የሠራው» የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የድሮ ሠዓሊዎች በመስተዋትና በሌንስ ተጠቅመዋል ብሎ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሆልባይንም ስሙ ተነሥቷል። ሌሎች ደግሞ ከተሣዩ ፊት መስተዋት አቁሞ በላዩ ላይ ይከተለው ነበር ይላሉ። ይሁን። መስተዋት የአፍንጫን ርዝመት ይነግር ይሆናል። የትኛውን መሥመር ማጥቆር፣ የትኛውን ማሳሳት፣ የትኛውን ጨርሶ መተው እንዳለበት ግን አይነግርም። የፓስፖርት ፎቶ የተነሣ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ልኩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰውየው ግን የለም።

ፍጥነቱን የሚነግረን ታሪክ አለ። የሄንሪ ሦስተኛ ሚስት ጄን ሲሞር በ1537 ስትሞት ንጉሡ ሌላ ፍለጋ ጀመረ። ሆልባይን ወደ ብራስልስ ተላከ፤ የዴንማርኳን ክርስቲና ሊሥል። የ16 ዓመት መበለት ናት። መጋቢት 12 ቀን 1538 ተቀመጠችለት፤ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች ሦስት ሰዓት ከነደፈው ተነሥቶ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ የቆመውን፣ ከራስ እስከ እግር ሰው የሚያክለውን ሥዕል ሠራ። ጋብቻው አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የክሌቭስ አን ተራ ሆነ። ሥዕሉ እጅግ አሳምሯት ንጉሡን አታለለው የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያው የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ግን ሆልባይን መልኳን ሕያው አድርጎ አስመስሎታል ብሎ ነው የጻፈው። ንጉሡ በጥር 1540 አግብቷት በሐምሌ ጋብቻውን አፈረሰው፤ ጋብቻውን ያዋዋለው ቶማስ ክሮምዌል በዚያው ሐምሌ አንገቱ ተቀላ። ሠዓሊውን ማንም አልነካውም። አታልሏል ተብሎ ቢታመን ኖሮ ሄንሪ ይምረው ነበር ትላላችሁ?

በዚያው ዘመን የእኛም ንጉሥ ምስል አላቸው፤ ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት አፄ ልብነ ድንግል። ምስሉ ያለው ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ነው። የሚገርመው የሳውዝዌል ቅብ ሥዕልም እዚያው ኡፊዚ ነው። የአፄውን ምስል የሠራው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ፣ ኮሞ ከነበረው የፓውሎ ጆቪዮ የታዋቂ ሰዎች ስብስብ ገልብጦ ነው፤ ንጉሡን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ስታዩት ንጉሥ መሆናቸው ይገባችኋል። ዓይናቸው ቢጫነት ይኑረው አይኑረው ግን የሚነግራችሁ የለም። የሆልባይን ንድፍና ከሥዕል የተገለበጠ ሥዕል የሚለያዩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የንድፉ ማማር አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን እንደተደራረጉ ሳውቅ ነው።

ሄንሪ ከሮም ተለይቶ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ እኔ ነኝ ሲል ቶማስ ሞር መሐላውን እምቢ አለ። የሮቸስተሩ ጳጳስ ጆን ፊሸርም እምቢ አለ። ሁለቱም የለንደን ግንብ ውስጥ ታሰሩ። ሰኔ 1535 የንጉሡ የሕግ ሹም ሪቻርድ ሪች ወደ ሞር ክፍል ገባ። የመጣው የእስረኛውን መጻሕፍት ለመውሰድ ነው። መጻሕፍቱን የሚሸክፉ ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ሪች ሞርን «እስቲ ለምሳሌ ያህል» እያለ ጨዋታ በሚመስል የሕግ ክርክር ያዘው። ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ሞር ፓርላማው ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ ሊያደርግ አይችልም ብሏል ሲል መሰከረ። ሞር ሐሰት ነው አለ። መጻሕፍቱን ሲሸክፉ የነበሩት ተጠሩ። እኛ ሥራ ላይ ነበርን፣ የሚባባሉትን ልብ አላልነውም አሉ። ከሁለቱ አንዱ ማን ነበር? ሪቻርድ ሳውዝዌል። ባለ ቢጫ ዓይኑ።

ፊሸር ሰኔ 22፣ ሞር ሐምሌ 6 ቀን 1535 ተሰየፉ። የሳውዝዌል ቅብ ሥዕል ላይ የተጻፈው ቀን ሐምሌ 10 ቀን 1536 ነው። ዓመት ከአራት ቀን።

ሳውዝዌል ከዚያ በፊትም ሰው በመግደል ተከስሶ በ1532 አንድ ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ምሕረት ያገኘ ሰው ነው። (ሆልባይን የንጉሡ ሠዓሊ ሆኖ የሚከፈለው በዓመት 30 ፓውንድ ነበር፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።) በ1546 ደግሞ ለሃዋርድ ቤተሰብ ቅርብ ሆኖ ሳለ የሰሪውን ኧርል ሄንሪ ሃዋርድን ከሰሰው፤ ወጣቱ ባለቅኔ በጥር 1547 ተሰየፈ። ሪችስ? ሎርድ ቻንስለር እስከ መሆን ደረሰ፤ የሞር ወንበር ማለት ነው። ሁለቱም በ1560ዎቹ በአልጋቸው ላይ ሞቱ።

ታዲያ የሞር፣ የፊሸር፣ የሪች፣ የሳውዝዌልና የሰሪ ፊት በሙሉ እዚያው ዊንዘር፣ አንድ ስብስብ ውስጥ ነው። አንድ እጅ፣ አንድ ጠመኔ፣ አብዛኞቹም አንድ ዓይነት ሮዝ ወረቀት። እኔ ሪችን ሳገኘው ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለግሁ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አጉልቼ ነው የፈለግሁት። የለም። ጸጥ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። ፊሸር ላይ ቅድስና ፈለግሁ፤ ጉንጩ የጎደጎደ የደከመው ሽማግሌ አገኘሁ።

በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይኼ ችግር የለም። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥኡና ሰይጣን በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ይህ የራሱ ጥበብ ያለው፣ ለሌላ ዓላማ የቆመ ሥርዓት ነው፤ ልነቅፈው አይደለም ያነሣሁት። በዚህ ዓይን ያደገ ሰው ሆልባይን ፊት ሲቆም የሚደርስበትን ልነግራችሁ ነው። ዳኛው የት ሄደ? ፍርዱ የታለ? ሆልባይን ለሪች ሁለት ዓይን ሰጠው። ለሳውዝዌል ሰጠው። ያየውን ያህል ሁሉ፣ ጠባሳውን ጨምሮ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ።

ሕያውነታቸው ከዚህ ነው የመጣው ብዬ አምናለሁ። ሠዓሊው ስለ ሰውየው አስቀድሞ ከወሰነ መሥመሩ ያንን ውሳኔ ለማሳየት ይሠራል፤ ቅንድቡ ትንሽ ይከፋል፣ ከንፈሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። በካርቱን እንደምናየው። ሆልባይን እንዲያ አላደረገም። ስለዚህ ፊቶቹ አልተዘጉም፤ እኛ እየገባን የምናነብባቸው ናቸው። ሞር ላይ የምናየው ሐዘን እኮ ከእሱ መጨረሻ ተነሥተን ያመጣነው ነው፤ በ1527 የሚሣልበት ሰው ስምንት ዓመት ቀርቶታል፣ አያውቅም። ስሞቹን ሸፍነን ብናቀያይራቸው ሪችን ሰማዕት፣ ፊሸርን ስስታም ብለን ልንፈርጅ እንችላለን።

ግን ደግሞ ዝም ብዬ ላደንቀው አልችልም። ሞር ቤት በእንግድነት የተቀበለው ሰው ነው፣ የመጀመሪያ እንጀራውን የሰጠው። ሆልባይን በ1532 ሲመለስ የሞር ፀሐይ ጠልቃለች፤ እሱ ወዲያው ለአዲሶቹ ጌቶች መሥራት ጀመረ። ክሮምዌልን ቀባው። ዛሬ ፍሪክ ሙዚየም ውስጥ ሞርና ክሮምዌል በአንድ የምድጃ ቦታ ግራና ቀኝ ተሰቅለው ይተያያሉ፤ ሁለቱንም የሠራ እጅ አንድ ነው። በ1536 የንጉሡ ሠዓሊ ሆኖ ነበር። ስለነዚህ ሁሉ ሞቶች ምን እንዳሰበ የሚናገር ደብዳቤ አልተረፈም። ትምህርት ቤት «ሚዛናዊ ሁኑ» ሲሉን እጠይቀው የነበረው ጥያቄ እዚህም ይመጣብኛል፤ ይህ ሰው ፍትሐዊ ነው ወይስ ፈሪ? ሁለቱም መሥመሩ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። ምናልባት ሁለቱንም ነበር። እኔ ግን ለዚህ ሰው አንድ ነገር አመሰግነዋለሁ፤ ለሪች ስላላዳላ የሞርን ፊት አምነዋለሁ። ለወዳጁ አሳምሮ ለጠላቱ አክፍቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወሬ ይሆኑብን ነበር።

ሆልባይን በ1543 መጸው ለንደን ውስጥ ሞተ፤ ምናልባት በወረርሽኝ። ንድፎቹ ተጠርዘው እንደ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1620ዎቹ መጽሐፉን በሙሉ ለአንድ መኮንን ሰጥቶ በለውጡ የራፋኤልን ቅዱስ ጊዮርጊስ ተቀበለ፤ ያ ጊዮርጊስ አሁን ዋሽንግተን ነው። በ1675 ንድፎቹ ተመልሰው የነገሥታቱ ንብረት ሆነዋል። ከዚያ ተረሱ። ከ1727 በኋላ ንግሥት ካሮላይን ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንድ ቁም ሣጥን መሳቢያ ነው ያገኘቻቸው።

ወረቀቶቹ ላይ የምታዩት የስም ጽሑፍ የሆልባይን አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሲሆን የተነሣውም የልዑል ኤድዋርድ መምህር የነበረው ጆን ቺክ እገሌ ነው፣ እገሊት ናት ብሎ ከተናገረው ነው። ቺክ የልዑሉ መምህር የሆነው በ1544 ነው፤ ብዙዎቹ ተሣዮች ያን ጊዜ ሞተዋል። ስለዚህ አንዳንዱን አውቆታል፣ አንዳንዱን ስቷል። አን ቦሊን የሚል ስም የተጻፈባት ሴት እሷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከሁሉ እኔን የያዘችኝ ግን «ማዘር ጃክ» ተብሎ የተጻፈባት ናት። ማዘር ጃክ የልዑል ኤድዋርድ ሞግዚት ነበረች ይባላል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ግን ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉር የበዛበት ቆብ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ጎን ጣል አድርጋለች። አጥኚዎች ፊቷን ባዝል ካለው የቤተሰቡ ንድፍ ጋር አስተያዩትና ማርጋሬት ጊግስ ሆና ተገኘች፤ ቶማስ ሞር ከልጆቹ ጋር ያሳደጋት፣ ግሪክኛና ሕክምና የተማረች ልጅ። ባዝል ባለው ንድፍ ላይ ወደ ሽማግሌው ዳኛ ዘንበል ብላ መጽሐፍ ይዛለች። ሞር በተሰየፈበት ጠዋት ከቤተሰቡ መካከል እዚያ ቆማ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች ይባላል። ዊንዘር ባለው ወረቀት ላይ ግን አሁንም «ማዘር ጃክ» ነው የሚለው።